ካሸርም ትቀመጣለች

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ከመደርደሪያ እያነሣ የሚገዛበት መደብር ሲከፈት፣ በሩ አጠገብ ሒሳብ የምትቀበለው ካሸር እኔ ነበርሁ። ከዚያ በፊት እኛ ዘንድ ሱቅ ማለት ባንኮኒ ነበር። ገዥው ከወዲህ ይቆማል፤ ባለ ሱቁ ከወዲያ። «ያንን አውርድልኝ» ይባላል፤ ይወርዳል፤ ይገለባበጣል፤ ይከራከሩበታል። በአዲሱ መደብር ግን ሰው እንደ ፈለገ ገብቶ፣ እንደ ፈለገ ነካክቶ፣ ያነሣውን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። ከእኔ ሳያልፍ የሚወጣበት ሌላ በር የለም። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ቅሬታ ሁሉ፣ የዘይቱም፣ የስኳሩም፣ የመንገዱ አቧራም ሳይቀር፣ መጨረሻ የሚራገፈው እኔ ላይ ነበር።

ሥራውን የፈለግሁት ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነበር። የጎደለኝ ጥቂት ስለ ነበር በግሌ ተመዝግቤ እንደገና ልፈተን ቆረጥሁ። አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ትሸጣለች፤ ከእኔ በታች ሦስት ልጆች አሉ። «ዓመቱን ሙሉ ቤት ቁጭ ብዬ ላጥና» የምልበት አፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ባለ መደብሩ ሲቀጥሩኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ሰው በማይኖርበት ሰዓት መጽሐፍ ብይዝ ቅር ይልዎታል?»

ጋሼ እህል ሲነግዱ ኖረው ወደ ሸቀጥ የገቡ፣ ክፉ ያልሆኑ፣ ግን ደንበኛ ከሚቀየማቸው ቢታመሙ የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ትንሽ አሰቡና «ሰው ከሌለ ምን ቸገረኝ» አሉ። «ግን ከጉልበትሽ ላይ ይሁን። ባንኮኒው ላይ መጽሐፍ ያየሁ ቀን ቤቱን ትምህርት ቤት አደረግሽው ማለት ነው።»

በዚህ ተስማማን። ከባንኮኒው ኋላ ከፍ ያለ የእንጨት ወንበር ነበረኝ። ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በጾም ወራት ሰው ቅዳሴ ገብቶ ከተማው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጭር በሚልበት ጊዜ፣ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነብ ነበር። ቤት ስገባ ውኃ መቅዳቱ፣ ልጆቹን ማብላቱ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ፊደል አይለይም። በዚያ ዓመት ማንበብ የምችለው እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነበር።

ሥራውን በደንብ ልሠራ ከልቤ እፈልግ ነበር። ሰው ሲደሰትብኝ ደስ የሚለኝ ልጅ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን በካሸር መደሰት ሰው ያልለመደው ነገር ነው።

ዋጋው በየዕቃው ላይ ተለጥፏል። እናቶች ግን ዋጋ የሚባለው ነገር ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ የሚደርስበት እንጂ ወረቀት የሚናገረው አይመስላቸውም።

«በይ እንግዲህ የመጨረሻውን ንገሪኝ።»

«የመጨረሻው ይኸው የተለጠፈው ነው እትዬ።»

«እሱማ የመጀመሪያው ነው። እኔ የመጨረሻውን ነው የጠየቅሁሽ።»

ይህን ንግግር በቀን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። ዘይት ሲጨምር የጨመርሁት እኔ ነኝ። ስኳር ሲጠፋ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ገንዘባቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ሲፈቱ «ፊትሽን ወዲያ መልሽ» የሚሉኝ ነበሩ፤ ወደ ግድግዳው ዞሬ እጠብቃለሁ፤ ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ደግሞ «ይህች ልጅ ግድግዳ ላይ ምን ታያለች? ሥራዋን አትሠራም?» ይላል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ሒሳብ የምመዘግብበት ማሽን ዕቃ በተመዘገበ ቁጥር «ጢጥ» ይላል፤ ሰው ይህን ድምፅ ወዶታል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በእጄ ደረሰኝ ስጽፍ፣ ከገጠር የመጡ አንድ ሰውዬ ሁለት ሳሙና ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ለምን አልጮኸም?» አሉኝ።

«መብራት ጠፍቷል አባቴ። በእጄ እጽፍልዎታለሁ።»

«ቅድም ለዚያ ሰውዬ ጮኾለት የለም? የእኔ ሳሙና ምን ሆኖ ነው የማይጮኸው?»

«ሳሙናው አይደለም የሚጮኸው አባቴ፤ ማሽኑ ነው።»

«እኮ አስጩኺልኝ። ሳይጮኽ የከፈልሁ እንደሆነ ኋላ በሩ ላይ ሌባ ብላችሁ ልትይዙኝ ነው?»

ሰልፉ እስከ ደጅ ደርሷል። ምን ላድርግ? ሳሙናዎቹን አንድ በአንድ ከማሽኑ ፊት አሳልፌ፣ በአፌ «ጢጥ፣ ጢጥ» አልሁላቸው። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው ከፍለው ወጡ። ሲቀልዱብኝ ይሁን ከልባቸው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማስቲካውም አለ። ሳንቲም ስለማይገኝ ጋሼ «በዝርዝር ፋንታ ማስቲካ ስጪ» ብለውኛል፤ በየቀኑ እሰጣለሁ፤ በየቀኑ እሰደባለሁ። አንዲት ሴትዮ ግን አልተሳደቡም። ዝም ብለው ከወር በኋላ አሥራ አንድ ማስቲካ በጨርቅ ቋጥረው አመጡና ከአንድ ሳሙና ጋር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። «ገንዘብ ነው ብለሽ አልሰጠሽኝም?» አሉኝ። «ገንዘብ ከሆነ ተቀበይኝ።» አየኋቸው፤ እውነታቸውን ነው። ተቀበልሁ። ጋሼ ያንን ቀን በጣም ተቆጡኝ። «የሰጠነውን ነው ጋሼ» አልኋቸው። ከዚያ የበለጠ አልተናገርሁም፤ ግን ይቅርታም አልጠየቅሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፤ የሚችሉት ነገር ነው። ያልቻልሁት የመነሣቱን ነገር ነው።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ወይም ካህን ሲገባ የተቀመጠ ሰው ይነሣል፤ ተነሥቶም «ኖር!» ይላል። የገባው ሰው ደግሞ «በእግዜር!» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ስሜን ከመናገሬ በፊት ይመስለኛል። ማንም ሳያዝዘኝ እግሬ ራሱ ይነሣል። እንግዲህ በር አጠገብ የተቀመጠች ካሸር አስቡ። ሽማግሌ ይገባል፣ እነሣለሁ፤ ቄስ ይገባሉ፣ እነሣለሁ፤ የሰፈር እናት ትገባለች፣ እነሣለሁ። በገበያ ቀን ከመቀመጥ መነሣቱ ይበዛል። ስነሣ መጽሐፉ ከጉልበቴ ይወድቃል፤ የፊዚክሱ መጽሐፍ ሽፋን የተገነጠለው በሌላ በምንም አይደለም። ቢሆንም አብዛኛው ሰው ገና በሩን ሳያልፍ «በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጪ፣ ሥራሽን ሥሪ» ስለሚለኝ አልተማረርሁም።

የተማረሩት ጋሼ ናቸው። አንድ የገበያ ቀን ስነሣና ስቀመጥ ሲያዩኝ ቆይተው መጡ።

«ልቅሶ ቤት አደረግሽው እኮ! አንዱን ደንበኛ ግማሽ መንገድ ላይ ትተሽ ለሌላው ትነሻለሽ። ሰልፉ ቆሟል። ከእንግዲህ አትነሺ።»

«ሽማግሌም ሲመጣ ጋሼ?»

«ማንም ሲመጣ!»

ታዘዝሁ። ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ አንድ መላ አገኘሁ፤ ከወንበሩ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ብድግ ብዬ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ «ኖር» እልና እመለሳለሁ። ግማሽ መነሣት ማለት ነው። ጋሼንም እናቴንም ያስታረቅሁ መስሎኝ ነበር።

የእድሩ ዳኛ እስኪመጡ ድረስ ሠራልኝ። ዳኛው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከዘራቸውን ከመደገፍ ይልቅ ለመጠቆም የሚይዙ ሽማግሌ ነበሩ። ለራሳቸው ከክብሪት ወይም ከባትሪ ድንጋይ ሌላ አይገዙም፤ ሆኖም እድሩ ለየልቅሶው የሚያስፈልገውን ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ሩዝም ቢሆን በጆንያ የሚገዛው ከየት እንደሚሆን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጋሼ ሲያዩዋቸው ድምፃቸው ይቀጥናል።

ዳኛው ገቡ፤ እኔ ስንዝሯን ብድግ አልሁ። ቆመው አዩኝ። ከፍ ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገሩኝ ጋሼ ወዳሉበት ወደ ውስጥ ዘለቁ። ድምፃቸው ግን እስከ ደጅ ይሰማ ነበር።

«ይህች ልጅ እግሯን ታማለች?»

«ኧረ ደኅና ናት።»

«እንግዲያው ሽማግሌ አቁማ ቁጭ የምትለው ምን ሆና ነው? ሱቅ ነው የከፈትኸው ወይስ ዙፋን?»

በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ወንበሬ የለም። ጋሼ ወደ ዕቃ ቤት አስገብተውታል። ነገሩን የፈቱበት መንገድ እሳቸውን እጅግ ደስ አሰኝቷቸዋል።

«አየሽ፣ ከነጭራሹ ቆመሽ ከዋልሽ ማንም ተቀመጠች አይልሽም። መነሣትም አይኖርብሽም። ሁለታችሁንም አስታረቅሁ።»

«መጽሐፉስ ጋሼ? ከጉልበቴ ላይ ተባብለን ነበር።»

«ቆመሽ ጉልበት አለሽ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው «ባንኮኒው ላይ እንዳላየው» ብለው ሄዱ።

ፈተናው ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶታል። ከሒሳቡ ገና አራት ምዕራፍ፣ ከኬሚስትሪው ግማሹ ይቀረኛል። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መደብሩ ባዶ ነው፤ እኔ ግን በባዶው መደብር ውስጥ እጄን ባንኮኒው ላይ ጭኜ በሩን እያየሁ እቆማለሁ። ማንም የለም። ማንም ለሌለበት ቤት አክብሮት እየሰጠሁ ነበር የምቆመው። ማታ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ የጫማዬ ክር አይፈታም።

የፊዚክስ ቀመር በደረሰኝ ጀርባ ጽፌ በመሳቢያው ውስጥ ለጠፍሁ፤ ጋሼ አዩትና «ገንዘብ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስማት ትጽፊያለሽ?» ብለው ቀደዱት። ቀጥሎ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥሁበት። ሳጥኑ አጭር ስለሆነ ከባንኮኒው በታች ገባሁ። አንዲት ገበያተኛ መጣች።

«ሰው የለም እንዴ?»

«አለሁ!»

«የት?»

«እዚህ ታች።»

«በስመ አብ! ባንኮኒው ተናገረ!» ብላ እየሳቀች ጎረቤቶቿን ጠራች። ሳጥኑም በዚያው ቀን ተወሰደ።

ሳጥኑ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ የገበያ ዕለት ነበር፣ ጠዋት ከቤት ስወጣ የእናቴን በርጩማ አነሣሁ። ከፍ ያለና የጸና ነው፤ አባቴ የሠራው ነው። እናቴ እንዝርቷን ይዛ አየችኝ።

«ለምንሽ ነው?»

«ልቀመጥበት።»

«አትቀመጪም ብለውሽ የለም?»

«ብለውኛል።»

«እና?»

«እና ልቀመጥ ነው።»

እናቴ ደፋር ሴት ናት፤ ግን ድፍረቷን ሁሉ ያወጣችው እኛን በማሳደግ ላይ ነው፤ ለጠብ የተረፈ የላትም። «ልጄ፣ ከትልቅ ሰው ጋር ግብግብ አይገጠምም። ለምኛቸው።»

«ለምኜ ጨረስሁ እማ።»

«እንዳትሳደቢ።»

«አልሳደብም።»

«ሳትነሺ እንዳትቀሪ። ሙሉውን ተነሺና ኖር በያቸው። ከዚያ የሚያስቀምጡሽ እሳቸው ናቸው።»

ያን መንገድ ሁሉ በርጩማውን በራሴ ተሸክሜ ስሄድ ይህን የመጨረሻ ቃሏን ነበር የማስበው። ዳኛው እኮ አንድም ቀን አስቀምጠውኝ አያውቁም። ሙሉውን ስነሣ በነበረበት ጊዜም ቢሆን «በእግዜር» ሳይሉኝ ነበር የሚያልፉት። በየሰው ቤት ለሕፃን ሳይቀር ይመልሳሉ። ለእኔ የማይመልሱት ካሸር ስለሆንሁ ነው፤ መነሣቴን እንደ አክብሮት ሳይሆን እንደ ማሽኑ ጩኸት ነበር የሚቆጥሩት። ይህ ሲገባኝ ፊቴ ጋለ።

ጋሼ በርጩማውን ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በርጩማ ነው ጋሼ።»

«በርጩማ መሆኑን አጣሁት? ዛሬ እኮ ዳኛው ለእድሩ ስኳር ሊያዝዙ ይመጣሉ! ወይ እሱ ይወጣል ወይ አንቺ ትወጫለሽ።»

«ይምጡ። እኔ አናግራቸዋለሁ።»

«አንቺ? ምን ብለሽ?»

«አልሳደብም ጋሼ» አልሁ። ይህን ሥራ ካጣሁ የልጆቹን ደብተር የሚገዛ የለም፤ ወንበር ካላገኘሁ ደግሞ ፈተናው ሄደ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ሌሊቱን ሙሉ አስቤ አልጨረስሁትም ነበር። ጋሼ ሌላ ሳይሉኝ ሰው ገባና ሥራ ተጀመረ።

አራት ሰዓት ገደማ ዳኛው መጡ። ቤቱ ሞልቷል። መጽሐፉን ዘግቼ በርጩማው ላይ አስቀመጥሁና ቀጥ ብዬ ተነሣሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ኖር!» አልሁ።

አልመለሱም። አልፈውኝ ገቡ፤ አንድ ክብሪት አንሥተው ሰልፍ ሳይጠብቁ ከፊቴ ቆሙ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ለሽማግሌ ቅድሚያ መስጠትን አልቃወምም። ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። እኔ ግን እጄን ወደ ማሽኑ አልዘረጋሁም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እርስዎን ነው አባቴ። ኖር ብዬዎት ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተው ዝም አሉ።»

ጋሼ ከስኳሩ ጆንያ ጎን ሆነው በእጃቸው «ተዪ፣ ተዪ» ይሉኛል።

«ሰው ቤት ሲገቡ» አልሁ፣ «ልጅ ተነሥታ ኖር ስትልዎት ምን ይላሉ አባቴ?»

«ይህ ሰው ቤት አይደለም። ሱቅ ነው።»

«ሱቅ ከሆነ መነሣት አልነበረብኝም። መነሣት ካለብኝ ደግሞ እርስዎ ማስቀመጥ አለብዎት። አንዱን ይምረጡልኝ።»

አንድ ሰው ከኋላ «እሰይ!» አለ። ሰልፉ ውስጥ ሁለት ጆንያ ጨው ያስነሣች ሴትዮ አንገቷን አሰገገች።

«አያ፣ በእግዜር በሏትና ያብቃ እንጂ! አህያዬን ደጅ ትቻት ነው የገባሁት!»

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ከዘራቸውን ወደ በርጩማው ጠቆሙ።

«ያ መጽሐፍ ምንድን ነው?»

«የፈተና ነው። ወድቄ ነበር፤ እንደገና ልፈተን ነው። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ከጉልበቴ ላይ አድርጌ አነብ ነበር። እርስዎ ከተናገሩ ወዲህ ወንበሬን ወሰዱት፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ፈተናው ሰባት ሳምንት ቀርቶታል።»

ዳኛው ቀስ ብለው ወደ ጋሼ ዞሩ። «ወንበሩን ነጠቅሃት?»

«እርስዎ እኮ ነዎት… ዙፋን ነው ወይ ያሉኝ…» አሉ ጋሼ።

«እኔ ትነሣ አልሁህ እንጂ አትቀመጥ አልሁህ? የተነሣ ሰው ሳይቀመጥ ይኖራል?»

ይህን ሲሉ እኔን ነፃ ያወጡኝ መስሎት የተደሰተ ሰው ነበር። እኔ ግን አልተደሰትሁም። ጥፋቱን ለጋሼ ብቻ አሸክመው ሊያልፉ ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎም እኮ ገና አላስቀመጡኝም» አልሁ።

ዓይናቸው ጠበበ። የሴትዮዋ አህያ ደጅ አናፋች፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አሉኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምላስ ነው ሲስሉልሽ የኖሩት» አሉ። ከዚያ ትንኝ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን አወናጨፉ። «በእግዜር! በእግዜር! ቁጭ በይ!»

ከሁሉም የከበደኝ ያኔ መቀመጡ ነው። ሽማግሌው ከፊቴ ቆመዋል፣ ቤቱ ሁሉ ያየኛል፣ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። ተቀምጬም ክብሪቱን ወደ ማሽኑ አቀረብሁት፤ ጮኸ። ሒሳባቸውን ሰጡኝ።

«አልወደድሁሽም» አሉኝ ሲወጡ።

«እሽ አባቴ» አልኋቸው። ምን ልበል? መውደድ አልጠየቅኋቸውም።

ስኳሩን ያንን ቀን አላዘዙም። ጋሼ ይህን አልረሱትም። ሰዉ ሲቀንስ መጡና «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉ። «ወር እስኪሞላ ሥሪ። ከዚያ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።»

ልለምናቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ለእናቴ ምን እንደምላት፣ ለልጆቹ ምን እንደማደርግ ሁሉ ታየኝ። የወጣው ቃል ግን ሌላ ነው። «እሽ ጋሼ። ወር እስኪሞላ ግን እቀመጣለሁ።»

ተቀመጥሁም። ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዳኛው በመጡ ቁጥር ሙሉውን እነሣለሁ፤ መነሣትን እምቢ ያልሁበት ቀን የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። እሳቸውም ገና ከበሩ ሆነው፣ ፊታቸውን ወዲያ አዙረው፣ «በእግዜር፣ በእግዜር» ይላሉ፤ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው። ሰላምታ ግን አልሰጡኝም። እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት ቆየን። በሁለተኛው ሳምንት ስኳሩን አዘዙ፤ እኔ ሒሳቡን መዘገብሁት፣ ተቀምጬ።

ወሩ ሲሞላ ጋሼ ከእህታቸው ልጅ ጋር መጡ፤ ሥራውን እንዳሳያት። ማሽኑን አሳየኋት፤ የተቀደደ ብር እንዴት እንደሚታይ አሳየኋት። ጋሼ እኔን ሳያዩ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው ያንን ከፍ ያለ የእንጨት ወንበር አወጡና፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው፣ ከባንኮኒው ኋላ አደረጉላት። «ዳኛው ሲመጡ ተነሺ» አሏት። «ከዚያ ተቀመጪ።»

እኔ ወንበሩን አየሁት። ተናደድሁ፤ ደግሞ ትንሽ ኮራሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አሁንም ስጽፈው አልለየሁም።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ በኋላ ይህን የነገርኋቸው ጓደኞቼ «ለአንድ ወንበር ብለሽ ሥራሽን አጣሽ?» ይሉኛል። አንዷ ደግሞ ቀስ ብለሽ ብትለምኛቸው ይሻልሽ ነበር አለችኝ። ምናልባት። እኔ ዛሬም ሰው ባስቀይም እንቅልፍ የማይወስደኝ ልጅ ነኝ፤ መምህር ፊቱን ቢያጠቁርብኝ ሳምንቱን ሙሉ እጨነቃለሁ። በዚያ ቀን ግን ያደረግሁትን ዳግመኛ አደርገዋለሁ። ከእኔ የተጠየቀው አክብሮት ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ስሰጠው ነበር። የተጠየቅሁት ሌላ ነው፤ እንደሌለሁ እንድሆን ነው።

በመጨረሻው ቀን ማታ በርጩማውን ተሸክሜ ቤት ስገባ እናቴ እየፈተለች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ ስለ አዲሷ ልጅም፣ ስለ ወንበሩም። እንዝርቷን አላቆመችም።

«ታዲያ ምን አተረፍሽ?» አለችኝ።

«ሒሳቡን ጨረስሁ እማ። ኬሚስትሪው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ቀረው።»

ክሩን ሳብ አድርጋ ጠቀለለችና ተነሣች። ልጆቹን ከመደቡ ላይ አስነሥታ፣ ጥጧን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፣ መብራቱ ከሚወድቅበት ሥር ቦታ ለቀቀችልኝ።

«አራት ሳምንት ነው የቀረሽ» አለች። «ውኃውን እነሱ ይቀዳሉ። ተቀመጪና ጨርሺው።»